ግራም በመቶ ግራም የተመዘነበት ፍርድ

ይግባኝ ሲባል ነገሩ ከሥሩ እንደ አዲስ የሚሰማ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የበላይ ፍርድ ቤት ስለ ቅጣት ልክ የቀረበለትን አቤቱታ ሲመረምር በተለይ የሚያጤነው፣ የታችኛው ዳኛ ሥልጣኑን ከሕግ ወሰን ሳይወጣ፣ ምክንያቱን ገልጦ፣ በርትዕ ሠርቶበት እንደ ሆነ ነው። ይህንም እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ክራክ ስለሚባለው ዕፅ ንግድ የተሰጠው ፍርድ አጉልቶ ያሳያል።

በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግ 5 ግራም ክራክ የነገደውን ሰው 500 ግራም ዱቄት ኮኬይን ከነገደው ጋራ አስተካክሎ ቢያንስ 5 ዓመት፣ 50 ግራም ክራክ የነገደውንም 5 ኪሎ ዱቄት ከነገደው ጋራ ቢያንስ 10 ዓመት እንዲታሰር ይደነግግ ነበር። ክራክ ግን ያው ዱቄት በውሃና በሶዳ ተቀቅሎ ወደ ጠጠርነት የተለወጠ ነው እንጂ ባሕርዩ ሌላ አይደለም። በፌዴራል ፍርድ ቤት በክራክ ከሚፈረድባቸው ከመቶው 85 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩና፣ አንዱ ግራም እንደ መቶ የሚቆጠርበት ይህ ሚዛን የማንን ትከሻ እንዳጎበጠ የተሰወረ አልነበረም።

በቨርጂኒያ፣ በኖርፎክ ከተማ፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የዘመተና ከዚያ በፊት ከባድ ወንጀል ያልተፈረደበት አንድ ሰው ክራክ በመነገድና ለዚሁም መሣሪያ በመያዝ ተከሶ ጥፋቱን አመነ። ያንኑ ሚዛን የተከተለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የቅጣት መመሪያ ከ19 ዓመት እስከ 22 ዓመት ከመንፈቅ ይጠይቅበት ነበር፤ ዕፁ ዱቄት ቢሆን ኖሮ ግን 9 ዓመት እንኳ አይሞላም ነበር። ዳኛው የሰውየውን ያለፈ ኑሮና የምጣኔውን መዛባት መዝኖ፣ ለዕፁና ለመሣሪያው በአንድነት ሕጉ ከዚህ አይወረድም ያለውን 15 ዓመት ፈረደበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ዳኛ የክራክንና የዱቄትን ምጣኔ በመቃወም ብቻ ከመመሪያው ሊወጣ አይገባውም ብሎ ፍርዱን ሻረው።

በ15 ዓመቱና በመመሪያው መካከል ያለው ልዩነት ለአንባቢ ጥቂት መስሎ እንዳይታየው፤ ከ4 ዓመት እስከ 7 ዓመት ከመንፈቅ የሚደርስ ዕድሜ፣ አንድ ሕፃን ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ደግሞ የሚጨርስበት ዘመን ነው።

ነገሩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ችሎቱም ዲሴምበር 10 ቀን 2007፣ በዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ጸሐፊነት፣ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ መመሪያው ከ2005 ወዲህ ምክር እንጂ ትእዛዝ ስላልሆነ ዳኛው መዛባቱን መመልከቱ አግባብ ነው ሲል የ15ቱን ዓመት ፍርድ አጸና። እኔ ይህን ፍርድ ቅን ፍርድ እለዋለሁ፤ ሆኖም ወሰን ነበረው፤ ከ15 ዓመት በታች መውረድ የሕግ አውጪው እንጂ የዳኛ ሥልጣን አልነበረምና።

ሕግ አውጪው በበኩሉ በ2010 መቶ ለአንድ የነበረውን ምጣኔ ወደ 18 ለአንድ አወረደው፤ የ5 ዓመቱ ቅጣት የሚጀምርበትም የክራክ መጠን 28 ግራም ሆነ። አስቀድሞ የተፈረደባቸው ብዙ እስረኞች ግን ቅጣታቸው በዚያ ሕግ እንደገና እንዲታይላቸው መጠየቅ የቻሉት፣ ሌላ ሕግ ከወጣ በኋላ፣ በ2018 መጨረሻ ነበር።