ባል ወይም ሚስትን ወደ አሜሪካ ለመውሰድ የገቢ ማረጋገጫው ምን ይጠይቃል?

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ኒካህ አስረው አሜሪካ ያለ የትዳር ጓደኛቸውን ጥሪ የሚጠብቁ ወገኖች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ የገቢ ማረጋገጫ።

ጠሪው አይ-864 የተባለውን ፎርም ሞልቶ ይፈርማል፣ የመጨረሻውን ዓመት የግብር ማስረጃም ያያይዛል። ገቢው በአሜሪካ መንግሥት ከተወሰነው የድህነት ወለል 125 በመቶ መድረስ አለበት። በ2025 እ.ኤ.አ. ይህ በአብዛኞቹ ግዛቶች ለሁለት ሰው በዓመት 26,437 ዶላር ነበር። ልጆች ካሉ መጠኑ ይጨምራል።

ገቢው ካልሞላስ?

1. ንብረት፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል፣ ጠሪው ዜጋ ከሆነ የጎደለውን ሦስት እጥፍ፣ ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ አምስት እጥፍ የሚያወጣ መሆን አለበት። የደብረ ማርቆስ ቤት ከሆነ ግን ዋጋው በዶላር ተለውጦ አሜሪካ መድረስ እንደሚችል ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ይህ ቀላል አይደለም።

2. ተጨማሪ ዋስ፦ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላውና አሜሪካ የሚኖር ሰው ነው። እዚህ ያለ አጎት ሀብታም ነጋዴ ቢሆንም ዋስ መሆን አይችልም። ዋስ ቢገኝም ጠሪው የራሱን ፎርም ከመፈረም አይድንም።

ፊርማው ለወግ ብቻ አይደለም። በሸሪዓችን የፍቺ ዒዳ ሲያልቅ የሚስት ነፈቃ በአብዛኛው ይቆማል፤ ይህ ግዴታ ግን በፍቺ አይቋረጥም። የመጣው ሰው ዜግነት እስኪያገኝ፣ አሥር ዓመት ያህል የሥራ ጊዜ እስኪቆጠርለት ወይም አገሩን ለቆ እስኪወጣ ይቀጥላል። ስለዚህ ዘመድን «ፈርምልኝ» ከማለታችን በፊት ይህን በግልጽ እንንገረው። ዋስትና አማና ነው።