ኢንተግራፍ፦ ከግራፍ ግራፍ የሚስል መሣሪያ

ዙሪክ የነበረው የኮራዲ ወርክሾፕ ለመሐንዲሶች ይሠራቸው ከነበሩ መሣሪያዎች አንዱ ኢንተግራፍ ነው። የፈለሰፈው ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ ብሩኖ አብዳንክ-አባካኖቪች ሲሆን፣ ስለ አሠራሩ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1886 ፓሪስ ታትሟል።

ወረቀት ላይ አንድ ግራፍ ተስሏል እንበል። ሠራተኛው የመሣሪያውን መርፌ በመስመሩ ላይ እየመራ ከግራ ወደ ቀኝ ይወስዳል። በሌላ በኩል ጠርዙ ስለታም የሆነ ትንሽ መንኮራኩር አለ። ስለቱ ወረቀቱን ስለሚነክስ ወደ ጎን አይንሸራተትም፤ በዞረበት አቅጣጫ ብቻ ይንከባለላል። አቅጣጫውን የሚያዝዘው መርፌው ነው። መርፌው ከአግድሙ አክሲስ በላይ ከፍ ባለ ቁጥር መንኮራኩሩ ሽቅብ ይቀናል፤ አክሲሱ ላይ ሲያርፍ አግድም ይሄዳል፤ ከአክሲሱ በታች ሲሆን ቁልቁል ይወርዳል። አብሮት የሚሄደው ብዕር ሁለተኛ ግራፍ ይስላል። መለኪያው ከተስተካከለ፣ መርፌው የተከተለው መስመር የዚህ የአዲሱ ግራፍ ዴሪቬቲቭ ነው።

መሣሪያውን የምወደው ብዙ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚቸገሩበትን ነገር በብረት ስለሚያሳይ ነው። ተማሪው ሁለቱን ግራፎች አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ መልካቸውን ማመሳሰል ይጀምራል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላውም የሚወርድ ይመስለዋል። ነገር ግን የዴሪቬቲቩ ከፍታ የዋናው ፋንክሽን ተዳፋት ነው፤ ከፍታን ከከፍታ ጋር ማነጻጸር የትም አያደርስም።

ኤክስ ኩብ ሲቀነስ ሦስት ኤክስን እንውሰድ። ዴሪቬቲቩ ሦስት ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ሦስት ነው። ኤክስ −2 ላይ መርፌው 9 ከፍታ ላይ ነው፤ ብዕሩም ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ መርፌው ቁልቁል ይወርዳል፣ ብዕሩ ግን መውጣቱን አላቆመም፤ ዳገቱ እየላላ ሄደ እንጂ። መርፌው −1 ላይ አክሲሱን ሲያቋርጥ ብዕሩ 2 ላይ ከፍተኛውን ነጥብ ይዞ ይዞራል። ኤክስ 0 ላይ መርፌው ዝቅተኛው ቦታ፣ −3 ላይ ይደርሳል። ብዕሩ በዚያ ጊዜ ከፍተኛም ዝቅተኛም ነጥብ የለውም፤ ቁልቁለቱ የባሰው ግን እዚያ ነው። 1 ላይ መርፌው እንደገና አክሲሱን ወደ ላይ ሲያቋርጥ ብዕሩ −2 ላይ ከታች ተመልሶ መውጣት ይጀምራል።

አክሲሱን መንካት ብቻውን አይበቃም። የኤክስ ኩብ ዴሪቬቲቭ 0 ላይ አክሲሱን ነክቶ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ብዕሩም ለቅጽበት ተጋድሞ ወደ ላይ መጓዙን ይቀጥላል።

ብዕሩ ከየት ይነሣ? ይህን መርፌው አይነግረንም። ከፍ አድርጎ ቢጀምር ግራፉ በሙሉ ከፍ ይላል፣ ቅርጹ አይለወጥም፤ ኢንተግራል ስንሠራ መጨረሻ ላይ የምንደምረው ኮንስታንት ይኸው ነው። ዋናው ግራፍ የሚያልፍበት አንድ ነጥብ ከታወቀ ግን ብዕሩን እዚያ አስቀምጦ መርፌውን መምራት ብቻ ይቀራል።