የጤና ትምህርትና የባለሙያ ሥልጠና በአንድ ዕቅድ ሊመሩ ይገባል

በታላላቅ ከተሞች የሕዝብ ጤና የሚጠበቀው በሆስፒታል አልጋዎች ብዛት ብቻ አለመሆኑ በየስብሰባው የሚነገር፣ በተግባር ግን እምብዛም ያልተተረጎመ ሐቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡት የ134 አገሮች መልእክተኞች ስለ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ባወጡት መግለጫ ስምንት ተግባራትን ሲዘረዝሩ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ያሰፈሩት መድኃኒትን ወይም ክትባትን አልነበረም። ያስቀደሙት ትምህርትን ነው፤ ይኸውም ሕዝቡ በአካባቢው ስለሚታዩ የጤና ችግሮችና ስለ መከላከያ ዘዴዎቻቸው የሚያገኘው ትምህርት ነው። ከዚህ ቅደም ተከተል ሁለት ጥያቄዎች ይወለዳሉ። ትምህርቱን ለሕዝቡ የሚሰጠው ማን ነው? ሰጪውንስ የሚያሠለጥነው ማን ነው? አራት ሚሊዮንና ከዚያ በላይ እንደሚገመት ሕዝብ በሚኖርባት አዲስ አበባ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እስከ ዛሬ ድረስ በየፊናቸው ሲመለሱ ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለቱ በአንድ ላይ ሊመለሱ የሚገባቸው ስለ መሆናቸው ነው።

ነገሩን ከሩቅ ከምንተነትነው ካየነው ብንጀምር ይሻላል። በከተማችን በአንድ ወረዳ ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ቤት ለቤት ስንዘዋወር፣ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ የአንድ ዓመት ተኩል ልጇ ተቅማጥ የያዘባት እናት አገኘን። እናቲቱ የተማረችውን በሥራ ላይ ለማዋል ስትጥር ነበር። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የኦ አር ኤስ ከረጢት በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በጥብጣ በማንኪያ እያጠጣች ነው። ባለሙያዋ ጠርሙሱን አንሥታ አየችና ደነገጠች። ከረጢቱ የተመጠነው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ በግማሽ ሊትር ሲበጠበጥ ጨውና ስኳሩ እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ፈሳሽ ያለቀበትን ሕፃን ከማዳን ይልቅ የባሰ አደጋ ላይ ሊጥለው ይችላል።

«ማን እንዲህ አሳየሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ባለፈው ወር ተማሪዎች መጥተው ነበር እህቴ፣ በዚሁ ዓይነት ጠርሙስ በጥብጠው አሳዩን። ከዚያ በፊት የመጡት ደግሞ የጆግ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጥተውን ሄዱ። አንቺ ሊትር ትያለሽ። ሊትሩን በምን ልለካው? ሦስታችሁም የተማራችሁ ናችሁ፣ የማንን ልስማ?»

ከዚህች እናት ጥያቄ የበለጠ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ በብዙ ዐውደ ጥናት አልሰማንም። ተማሪዎቹ አላዋቂዎች አልነበሩም፤ በእጃቸው የተገኘው ጠርሙስ እርሱ ስለነበር ለማሳያ ያህል ተጠቀሙበት፣ የሚበጠበጠው ሁለት ጠርሙስ ሙሉ ውሃ መሆኑንም ምናልባት በአፍ ተናግረው ይሆናል። ነገር ግን ዐይን ያየው እጅ ላይ ይቀራል። ወረቀት የበተነው ድርጅትም የራሱን ተግባር ፈጽሞ፣ የበተነውን ቆጥሮ ሪፖርቱን አቅርቧል። ባለሙያዋም ትክክለኛውን ተናግራለች። እያንዳንዱ በተናጠል ሲመዘን ጥፋተኛ የሌለበት፣ ሲደመር ግን የአንድን ሕፃን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ አሠራር ማለት ይህ ነው።

መንሥኤውን ስንመረምር ከግለሰቦች ቸልተኝነት ይልቅ የአደረጃጀት ችግር ሆኖ እናገኘዋለን። በአዲስ አበባ የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥኑትን ተቋማት ባለቤትነት እንመልከት። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን የሚያስተዳድረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ቆይቶ ዛሬ ራስ ገዝ ሆኗል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጠሪነቱ ለጤና ሚኒስቴር ነው። የየካቲት 12 ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ የከተማው አስተዳደር ነው። በእነዚህ ላይ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ የግል ኮሌጆች ይታከላሉ። ሁሉም ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ የሚልኩት ወደ አንድ ዓይነት ሥፍራ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያዎችና በዙሪያቸው ወዳለው ሕዝብ። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ የትምህርት ዘመን አቆጣጠር የራሱ ነው፣ የማስተማሪያ ጽሑፉ የራሱ ነው፣ የሥምሪት ደብዳቤውም የሚጻፈው በየፊናው ነው። ውጤቱ የታወቀ ነው። መጓጓዣ የሚቀናቸው ጤና ጣቢያዎች በተማሪ ይጨናነቃሉ፤ ከዳር ያሉት፣ ሕዝቡ በየቀኑ የሚበዛባቸው አዳዲስ የጋራ መኖሪያ ሠፈሮች ደግሞ ተማሪ ሳያዩ ይከርማሉ። አንዱ ግቢ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፣ ማዶ ያለው ግቢ አንድም ጊዜ አይጠየቅም።

ሌላ መንገድ አይታወቅም እንዳይባል፣ በዚህ ረገድ አገራችን ራሷ ለሌሎች አርአያ የሚሆን ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሰባት ሺህ ያህል ሰዎችን እንደ ፈጀ ይገመታል። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። የዚህ ተቋም ልዩ ባሕርይ ለአገሪቱ የሚያስፈልጋት ለየብቻው የሠለጠነ ሐኪም ብቻ አለመሆኑን መገንዘቡ ነበር። የጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና ስለ ውሃና ስለ አካባቢ ጽዳት የተማረው ሳኒቴሪያን በአንድ ግቢ እንዲማሩ፣ በአንድ ቡድን ለልምምድ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡ፣ ሲመረቁም በቡድን እንዲመደቡ ተደረገ። አንዱ በሽተኛውን ሲያክም፣ ሁለተኛዋ እናቶችንና ሕፃናትን ስትከታተል፣ ሦስተኛው ምንጭ ሲያጎለብትና መጸዳጃ ሲያስቆፍር፣ ለሕዝቡ የሚነገረው ቃል አንድ ነበር፤ ምክንያቱም ሦስቱ ማታ አንድ ጠረጴዛ ከብበው የዋሉበትን ይነጋገሩ ነበርና።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የጎንደር ቡድን ጥንካሬ የመነጨው ከትምህርቱ ጥልቀት ብቻ አልነበረም፤ ማሠልጠኛውና የሥራ መስኩ አንድ ስለነበሩ ነው። ተማሪው በልምምድ ላይ ያየው ችግር በማግሥቱ የክፍል ጥያቄ ሆኖ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ ሐኪሞችን ወደ ማሠልጠን ሲዞር የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ እንደገና የቀጠለው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በመካከል የባከኑትን ዓመታት ዋጋ ማን አስልቶት ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም ደግሞ ኅብረተሰቡን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መመሪያው በማድረግ፣ ተማሪውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከሕዝቡ መካከል አስገብቷል። እንግዲህ ዘዴው ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም፤ በእጃችን ያለ ነው። የጎደለው ለአንዲት ትንሽ ከተማና በዙሪያዋ ላሉ ገጠሮች የተሠራውን ለሚሊዮኖች ከተማ በሚስማማ መልክ ማስፋት ነው።

በርግጥ በአዲስ አበባ ምንም አልተሠራም ማለት ሐቁን መካድ ይሆናል። በገጠር በሁለት ሴት ሠራተኞች ለአንድ ቀበሌ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ከተሞች ሲሸጋገር፣ የከተማውን ሕዝብ የንቃት ደረጃ ግምት ውስጥ በማስገባት ነርሶች ተመልምለው፣ የሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና ተሰጥቷቸው፣ አንዷ ባለሙያ አምስት መቶ ያህል ቤተሰብ እንድትይዝ ተደርጎ ተሠማርተዋል። በኋላም ሐኪም ወይም የጤና መኮንን፣ ነርስና የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በአንድ ላይ ሆነው ከጤና ጣቢያ እየተነሡ የሚሠሩበት የቤተሰብ ጤና ቡድን ተዋቅሯል፤ ቤተሰቦችም በኑሮ ደረጃቸውና በጤና ችግራቸው ተለይተው ቅድሚያ ለተቸገረው እንዲሰጥ ተደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኩባ በሐቫና አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ በአንድ ሠፈር እንዲኖሩ በማድረግ የጀመረችው ሥራ በዚህ አስተሳሰብ ላይ አሻራውን አሳርፏል። ቡድኑ ከጎንደሩ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የጎንደሩ ቡድን አብሮ የሠለጠነ ሲሆን የአዲስ አበባው ግን በየፊናው ሠልጥኖ በምደባ ወረቀት የተገናኘ መሆኑ ነው።

ቅንጅት በአደጋ ጊዜ ሊፈጠር እንደሚችልም አይተናል። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጣዳፊ የተቅማጥና ትውከት በሽታ ሲነሣ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ከተገኘ በኋላ ባሉት ወራትም፣ የጤና ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ እጅ መታጠብን በተመለከተ በሬዲዮ የሚሰማው፣ በዕድር የሚነገረውና በር ላይ የሚመከረው ቃል አንድ ሆኖ ነበር። ወረርሽኙ ሲበርድ ግን ሁሉም ወደየቢሮው ተመለሰ። ለአደጋ ብቻ የሚቀናጅ አሠራር በአዘቦት ቀን የሚሞተውን ሕፃን አይደርስለትም፤ በዓመት ውስጥ የሚበዙት ደግሞ የአዘቦት ቀኖች ናቸው።

ስለ ሕዝቡ ሚና ስንናገር አንድ ያልተጻፈ ጉዳይ ማንሣታችን አይቀርም። በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ከተሰጧቸው ተግባራት መካከል ከመንግሥት ጋር በመተባበር የጤና አገልግሎት ማቋቋም ይገኝበት ነበር። ከየአካባቢው የተመረጡ የጤና ወኪሎችና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆች በየሥፍራው ያከናወኑት ሥራም የሚናቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ በእነዚያው ዓመታት ቀበሌ ብዙ ቤተሰብ በኀዘን የሚያስታውሰውን ሥራም ሠርቷል። ስለዚህ ዛሬ መዝገብ ይዞ በር የሚያንኳኳን ሰው ሁሉ ነዋሪው በጥርጣሬ ቢያይ ልንፈርድበት አይገባም። ግብር ነው? የቤት ምዝገባ ነው? መዋጮ ነው? በጎበኘናቸው ቤቶች ባለሙያዋ በቅድሚያ የምታነሣው ስለ ሕፃኑ ነበር፤ መዝገቧን የምትገልጠው ሊሰናበቷት ሲሉ ነው። ይህን ጥበብ ማንም ኮሌጅ አላስተማራትም፤ ከእርሷ ኋላ የሚመጣው ተማሪ ግን ከእርሷ ሊማረው ይችላል፣ አብሯት ከገባ።

ሠራተኛውን የሚመለከት ሌላ ክፍተትም አለ። የቤት ለቤት ትምህርት የሚሰጠው በቀን ነው። በቀን ቤት የሚገኘው ማን ነው? በአቃቂ ቃሊቲ በፋብሪካ የሚውለው ወዛደር፣ በግንባታ ሥፍራ ሲሚንቶ የምትሸከመው ሴት፣ ከንጋት በፊት የሚወጣው የታክሲ ረዳት በማንኛውም የጉብኝት መዝገብ ላይ «በሩ ዝግ ነው» ተብለው ይመዘገባሉ። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ መስማት ያለባቸው በብዛት እነርሱ ሆነው ሳለ ትምህርቱ በጎናቸው ያልፋል። ማሠልጠኛዎች ከተማሪዎቻቸው ከፊሉን በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ወደ ፋብሪካ መመገቢያ አዳራሽ ቢልኩ፣ የሠራተኛ ማኅበራትም ሃያ ደቂቃ ቢያመቻቹ፣ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ቀን ዐውደ ጥናት የምሳ ሒሳብ የሚበልጥ አይመስለንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አዲስ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብ የለንም፤ ኮሚቴ አልጎደለንም። እኛ የምንለው መጋጠሚያው ጤና ጣቢያው ይሁን ነው። በደንቡ መሠረት አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ለአርባ ሺህ ሕዝብ የታሰበ ነው፤ ከተማችን ደግሞ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ጤና ጣቢያዎች አሏት። ማናቸውም ተቋም፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ተማሪ ለመላክ ሲፈልግ የሥምሪቱን ጊዜ በከተማው ጤና ቢሮ በሚያዝ አንድ የጋራ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ያስመዝግብ፤ ሰሌዳው የሞላበትን ትቶ ወደ ጎደለበት ይሂድ። ተማሪው ወደ ማንኛውም ቤት የሚገባው ያንን ቤት ከያዘችው የኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ይሁን። በአንድ ወረዳ ውስጥ ስለ አንድ በሽታ የሚነገረው ከአንድ ጽሑፍ ይነበብ፤ ሌላ ወረቀት ለመበተን የሚፈልግ ድርጅት ወረቀቱን አስቀድሞ ለጤና ጣቢያው ያሳይ።

የትምህርት ተቋማት ነጻነት ይጣሳል የሚሉ ይኖራሉ። ክርክሩን አናቃልለውም። ፕሮፌሰሩ በክፍሉ ውስጥ የሚያስተምረውን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሊወስንለት አይገባም። ነገር ግን ስለ ጨውና ስለ ውሃ መጠን በአንዲት እናት ፊት ሦስት ዓይነት መልስ መስጠት የአካዳሚ ነጻነት አይደለም። የሚከብደው ሌላ ነው፤ የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አምስት መቶ ቤተሰቧን ይዛ በዚያ ላይ ተማሪ ታሠልጥን ስንል፣ ተጨማሪ ሥራ እንደምንጭንባት ልናውቀው ይገባል። ስለዚህ በአሠልጣኝነት የምታጠፋው ጊዜ እንደ ሥራ ይቆጠርላት፣ ለደረጃ ዕድገቷም ይያዝላት። ካልሆነ ተማሪውን ከበር ላይ ታስቀረዋለች፤ አንፈርድባትም።

የዚያች እናት ጉዳይ በዚያው ቀን መፍትሔ አገኘ። ባለሙያዋ የተበጠበጠውን ደፍታ፣ ሌላ ከረጢት ቀድዳ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያንኑ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ እየሞላች ወደ ንጹሕ ጆግ ገለበጠች፤ ውሃው በደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረች፣ ከዚያም ከረጢቱን ጨምራ በጠበጠች። የእናቲቱን ጎረቤቶች ጠርታም ጆጎቻቸውን እንዲያመጡ አደረገች። ሰባት ጆግ ተሰመረ። በሚቀጥለው ሥምሪት ወደዚያ ግቢ የሚገቡት ተማሪዎች ስለ መስመሮቹ የሚነግራቸው ሰው ይኑር አይኑር፣ ባለሙያዋን ጠይቀናት ነበር። «የሚመጡበትን ቀን ቀድሞ የሚነግረኝ ካገኘሁ እኔው እነግራቸዋለሁ» ስትል መለሰችልን።