አይዝጌ ብረት ሽጉጥ ለምን ይዝጋል?

«አይዝጌ» የሚለው ስም ያዘናጋል። ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በሼፊልድ ይህን ብረት ያገኘው የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ የሚበላበትን ምክንያት ሲመረምር ነበር። ሆኖም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከአይዝጌ ብረት የተሠራውን ሞዴል 60 ሽጉጥ ለገበያ ያቀረበው ገና በ1965 ነው።

ብረቱን የሚጠብቀው ማንጸባረቁ አይደለም። ቢያንስ 10.5 በመቶ የሚሆነው ክሮሚየም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ፣ ውፍረቱ በናኖሜትር የሚለካ ስስ ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ ሲጫር ራሱን ይጠግናል፤ በላብ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ግን ይበሳዋል። ወገብ ላይ የሚታጠቅ መሣሪያ ደግሞ ከላብ አያመልጥም። ጭረት የበዛበት ገጽ ጨውና እርጥበት ስለሚይዝ፣ መወልወል ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥይቱን አውጥቶ፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን በዓይን ማረጋገጥ ግድ ነው። ከዚያም ቆሻሻውን አጥቦ፣ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅና በብረት መወልወያ ቅባት፣ የፋብሪካውን የጭረት አቅጣጫ ተከትሎ ማሸት ይገባል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ተራ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ያነሣሉ። ከሽቦው የሚረግፈው የካርቦን ብረት ብናኝ በገጹ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል፤ ባለቤቱም ሽጉጡን ይወቅሳል። መለያ ቁጥሩ፣ የምላጩ ክፍሎችና ተንሸራታች ገጾች አይነኩም፤ ጥቂት ማይክሮሜትር መቀነስ እንኳ የክፍሎቹን መገጣጠም ሊያዛባ ይችላል። እንደ መስታወት የሚያበራ ገጽ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለማሳያ ሣጥን እንጂ ለአገልግሎት አይመችም፤ እያንዳንዱን ጭረት ያጋልጣልና።

በመጨረሻም ቅባቱን ጠርጎ፣ አድርቆና ስስ ዘይት ቀብቶ፣ እርጥበት ከሚይዘው የቆዳ ማኅደር ውጭ ማስቀመጥ ነው።