ጨው የማይበግረው የስዋክ ቁጥቋጦ

በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ አካባቢ ከሚገኙት የጥጥ እርሻዎች አንዳንዶቹ ነጭ ነጭ የሚል አፈር አላቸው። ከሩቅ አመዳይ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ጨው ነው። መሬቱ ለዓመታት በመስኖ ውኃ ሲጠጣ፣ ትርፉን ውኃ የሚያስወግድ ቦይ ግን በቂ አልነበረም። የከርሰ ምድሩ ውኃ ሽቅብ ወጣ፤ ፀሐይ ውኃውን ወሰደች፤ ጨዉ ቀረ። ጥጥ ጨው በመቻል ከሚታወቁት ሰብሎች አንዱ ሆኖ ሳለ እዚያ እሱም እጅ የሰጠበት ማሳ አለ።

በዚሁ በአፋር ቆላ እንዲህ ያለውን አፈር የለመደ የአገር ቁጥቋጦ ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ ሳልቫዶራ ፐርሲካ ነው፤ አፋሮች አዳይቶ ይሉታል። አብዛኞቻችን ተክሉን ሳናይ እንጨቱን እናውቀዋለን፦ ስዋክ። መስጊድ ደጃፍ በእስር ይሸጣል፤ በገልፍ አገሮች ደግሞ በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ መደርደሪያ ይገኛል። (በየመንገዱ የሚሸጥ መፋቂያ ሁሉ ግን ከዚህ ተክል የተቆረጠ አይደለም፤ የወይራውም ብዙ ነው።)

ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ቅርንጫፎቹ ወደ መሬት ይዘነበላሉ፤ ከቁጥቋጦነት አልፎ ትንሽ ዛፍ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ወፈር ያለውን ቅጠል ቢያኝኩት አፍ ያቃጥላል፤ ማቃጠሉም ልክ የፌጦ ነው። ነገሩ የጣዕም መመሳሰል ብቻ አይደለም። ቤንዚል አይሶታዮሲያኔት የተባለው ንጥረ ነገር ከፌጦ ዘርም ከስዋክ ሥርም ይወጣል፤ በላቦራቶሪም ባክቴሪያ ሲገድል ታይቷል። ጨዉን በተመለከተ፣ ተክሉ ከሥሩ የሳበውን በቅጠሎቹ ውስጥ ያከማቻል። ግመሎች ቅጠሉን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አብዝተው ሲበሉት የወተታቸው ጣዕም ሳይቀር ይለወጣል።

እንዲህ የጠነከረ ተክል ሲፈላ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። ፍሬው ትንሽ፣ ክብ፣ ሲበስል ቀይ የሚሆን ነው፤ በውስጡ አንድ ዘር ብቻ ይይዛል። ሰውም ወፍም ይበላዋል። ለችግኝ ሲፈለግ ሥጋውን በውኃ እያሹ ፈጽሞ ማስለቀቅ ያስፈልጋል፤ በሥጋው ውስጥ ያለው ብቅለት አጋጅ ንጥረ ነገር ዘሩ እንዳይበቅል ያግደዋልና። እንደ ስንዴ ዘር ጎተራ አስገብቶ ለከርሞ ማቆየትም አያዋጣም፤ እንደታጠበ መዝራት ነው። አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ በተቀላቀለበት የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ብዙ ሳይቀበር ይዘራል።

ጀማሪን የሚያሳስተው ነገር እዚህ ላይ ነው። “ጨው የሚችል ተክል ነው” ተብሎ ከመጀመሪያው ቀን ጨዋማ ውኃ የሚያጠጣ ሰው ችግኙን ያጣል። ያደገው ተክል የሚችለውን ጨው በቋፍ ያለ ቡቃያ አይችለውም፤ ጨው ብቅለቱንም እድገቱንም ይጎትታል። ስለዚህ አነሳሱ ጨው በሌለው ውኃ ይሁን፤ ጠንከር ሲል ወደሚተከልበት ቦታ ውኃ ቀስ በቀስ ማለማመድ ይቻላል። ሥሩ ፕላስቲኩን ቀድዶ መሬት እንዳይዝ ችግኙን እያነሱ ቦታ መለወጥም አይረሳ።

ለመትከል አመቺው ጊዜ አፋሮች ካርማ የሚሉት የክረምቱ ዝናብ ነው፤ ዝናቡ ከላይ ያለውን ጨው አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋል። በመስኖ ማሳ ላይ ከሆነ ችግኙ ከመደቡ አናት ላይ አይተከል፤ ውኃ ከቦዩ ወደ መደቡ እየሰረገ ጨዉን አናቱ ላይ ያከማቻል። ጎኑ ይሻላል። በህንድ ጉጃራት ጨዋማ ጥቁር አፈር ላይ ተክሉን ለዘሩ ዘይት ሲሉ ያለሙታል፤ ዘይቱ ለሳሙና ይሆናል። በአራት ሜትር ርቀት ቢተከል አንድ ሄክታር 625 ችግኝ ይይዛል። ከሥሩ የሚያቆጠቁጡ ቡቃያዎችን ነቅሎ መትከልም ሌላ መንገድ ነው፤ እኔ ግን ዘሩን እመርጣለሁ፤ የአንድ እናት ቅጂ ብቻ የሆነ ማሳ በሽታ ሲመጣ አያስተማምንም።

ጉድለቱ ዝግ ብሎ ማደጉ ነው። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ከ40 ዓመት በላይ በፊት በአፋር ቶሎ የሚያድግ ተክል ሲፈለግ ፕሮሶፒስ ከውጭ የመጣው። እሱም ጨውና ድርቅ ይችላል። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የክልሉን መሬት ወርሮ የግጦሹን ሣር አሳጥቷል፤ እሾሁም ለከብትም ለእረኛም አልተመቸም። ፍጥነትን ብቻ አይቶ መምረጥ ያስከተለው ዕዳ ገና ተከፍሎ አላለቀም።

ስዋኩ ደግሞ ሌላ ጠላት አለው፦ ገበያው። ተፈላጊው ሥሩ ስለሆነ ይቆፈራል፤ ሥሩ አብዝቶ የተቆፈረ ቁጥቋጦ ደግሞ አይተርፍም። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ግን መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጥርስም ይፍቃል።

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። በቆላ የሚገኙ ችግኝ ጣቢያዎች ለጨዋማው መሬት የሚሆን ተክል ሲመርጡ ከውጭ ከመጣው በፊት አዳይቶን ይሞክሩት፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከፍየል የሚጠብቀው አጥርም በበጀቱ ውስጥ ይግባ። ስዋክ ገዢ የሆናችሁም የሥሩን ትታችሁ የቅርንጫፉን ጠይቁ።