የጋዝ ሲሊንደርን በቆላ ሙቀት ማጓጓዝ የሚጠይቀው ጥንቃቄ

ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በኮንሶ በኩል ወደ ጂንካ የሚዘልቀው መንገድ ወደ ቀይ አፈር ከመውጣቱ በፊት የወይጦን ቆላ ያቋርጣል። ከዚያም ወዲያ ወደ ዲመካ፣ ቱርሚና ኦሞራቴ የሚወርደው መንገድ ፀሐይ የሚበረታበት ነው። ለጤና ተቋማት የሚውል ኦክስጅን፣ ለብየዳ ቤቶች የሚያገለግል ጋዝ፣ ለሆቴልና ለመኖሪያ ቤት የሚገዛ የማብሰያ ጋዝ በሲሊንደር ተሞልቶ በዚህ ሙቀት ውስጥ ሲጓጓዝ፣ “ሲሊንደሩ በፀሐይ ብቻ ይፈነዳልን?” የሚለው ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው።

በአግባቡ የተሞላና ጉዳት የሌለው ሲሊንደር በፀሐይ ሙቀት ብቻ የመፈንዳት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን ልክ አለው። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በ150 ባር የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር 60 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ወደ 173 ባር ገደማ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለው ሲሊንደር በአብዛኛው የሚፈተሸው ከመሙያ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ በሚሆን ግፊት ስለሆነ ጭማሪውን ይችላል። ባሕር ጠላቂዎች በጀርባቸው የሚሸከሙት የአየር ሲሊንደርም የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው። ዝገት የበላው፣ የተቀጠቀጠ ወይም የፍተሻ ጊዜው ያለፈበት ሲሊንደር ግን ይህ መተማመኛ የለውም።

የማብሰያ ጋዝ ጠባዩ ለየት ያለ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገኘው በአመዛኙ ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ ሲሞቅ ያብጣል። በዚህም ምክንያት ሲሊንደሩ ጢም ብሎ አይሞላም፤ ከ80 እስከ 85 በመቶው ብቻ ተሞልቶ የቀረው ቦታ ለማበጫ ይተዋል። ከልክ በላይ የተሞላ ሲሊንደር በሙቀት ማበጫ ቦታ ሲያጣ ግፊቱ በፍጥነት ያሻቅባል፤ መተንፈሻ ቫልቩ ተከፍቶም ጋዙን ወደ ውጭ ይለቃል።

በተዘጋ ተሽከርካሪ ውስጥ ዋናው አደጋ ይኸው የሚያመልጥ ጋዝ ነው። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከአየሩ 2 በመቶ ያህል ከሆነም ክብሪት፣ ሲጋራ ወይም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ኦክስጅን በራሱ አይነድም፤ ነገር ግን የሌላውን እሳት እጅግ ያባብሳል። የኦክስጅን ቫልቭ በዘይት ወይም በግራሶ እንዳይነካ የሚከለከለውም ስለዚህ ነው።

ሌላው አደጋ መውደቅ ነው። 150 ባር በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት 60 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያልታሰረ ሲሊንደር በኮረኮንች መንገድ ተንከባሎ ቫልቩ ቢሰበር፣ የሚወጣው ጋዝ ሲሊንደሩን እንደ ሮኬት ሊያስፈነጥረው ይችላል።

ስለዚህ ሲሊንደር የሚያጓጉዝ ሰው የሚከተሉትን ቢፈጽም ይመከራል፦

- ከመጫኑ በፊት ዝገቱን፣ የተቀጠቀጠ ቦታ መኖሩንና የፍተሻ ቀኑን ማየት፤ በመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ቀብቶ አረፋ መኖሩን መመልከት። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይገባም።
- ቫልቩን ዘግቶ ሬጉሌተሩን መፍታትና መክደኛውን መግጠም።
- አየር በሚያገኝ ክፍት የጭነት ቦታ ላይ ሲሊንደሩን አቁሞ በገመድ ወይም በሰንሰለት አጥብቆ ማሰር፤ የማብሰያና የብየዳ ጋዝ ሲሊንደርን አጋድሞ አለመጫን።
- ከመንገደኛ፣ ከቤንዚን ጀሪካንና ከዘይት ለይቶ መጫን።
- ጉዞውን በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ማድረግ፤ ሲቆሙ ከጥላ ሥር መቆም፤ ሲሊንደሩን መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ አለመሄድ።

በጉዞ ላይ የጋዝ ሽታ ከተሰማ አሽከርካሪው ከሰውና ከእሳት ርቆ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ በሮቹን መክፈትና ተሳፋሪዎችን ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ማራቅ ይኖርበታል። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ሞተር ማስነሳትም ሆነ መብራት ማብራት አይገባም። እሳት የያዘውን ሲሊንደር ደግሞ ማንም ቀርቦ ለማዳን መሞከር የለበትም፤ የፀሐይን ሙቀት የሚችል ብረት የእሳትን ሙቀት ለረጅም ጊዜ አይችልምና።