ከ«ዋዜማ» እስከ «አዲስ ዓለም»
የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የብዕር ፍሬዎች



«ዋዜማ» የሚለው ቃል ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ አይደለም። በበዓሉ ዋዜማ ካህናት ተሰብስበው የሚያደርሱት ምስጋና፣ የነገውን ክብር ዛሬ የመቀበል ሥርዓት ነው። ይህን የማኅሌት ቃል ከቅኔ ማኅሌት አውጥተው ለታሪክ መጽሐፍ ርእስ ያደረጉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1921 ዓ.ም. ያሳተሙትን አጭር የነገሥታት ታሪክ «ዋዜማ» ብለው ሰየሙት። በማግሥቱ የሚከበረው በዓል ገና የሚመጣው ሰፊው የኢትዮጵያ ታሪክ መሆኑን ለአንባቢ ማመልከታቸው ነበር።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። በእንጦጦ ራጉኤል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀስመው ከመንግሥት ሥራ ገቡ፤ የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። በዚህ ሁሉ የሹመት ሸክም መካከል ከሃያ በላይ መጻሕፍትን አበርክተዋል።

የሥራዎቻቸው ዓይነት ብዙ ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቈጥረው በዝርዝር አወጡ። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን የምክር መጽሐፍ አሳተሙ። በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የታወቁ ሰዎችን ስምና ሥራ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች መዘገቡ። የቀደሙትና የኋለኞቹ ሊቃውንት ቅኔ እንዳይጠፋም በ1918 ዓ.ም. «መጽሐፈ ቅኔ»ን አዘጋጁ። ልዑል ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ያደረጉትን ጉዞ በ«ደስታና ክብር»፣ ጃፓን ደርሰው ያዩትን ደግሞ በ1924 ዓ.ም. በ«ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ተርከዋል።

ሆኖም ምክርና ታሪክ ብቻ ሁሉን ነገር ሊናገሩ አይችሉም። አባት ልጁን በግልጽ ይመክራል፤ ማኅበረሰብ ግን ራሱን በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ካላየ በቀር ተግሣጽን በቀላሉ አይቀበልም። ደራሲው ወደ ልብ ወለድ የተሻገሩትም ለዚህ ይመስላል። በ1915 ዓ.ም. በታተመው «ወዳጄ ልቤ» ሰው ከገዛ ልቡ ጋር እየተወያየ የዓለምን ጠባይ ይመረምራል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው «የልብ አሳብ» የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ምክንያት አድርጎ ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው የማጋባትን ልማድ ይነቅፋል።

ከሁሉ ይልቅ ለበዓል ሰሞን ቤተሰብ የሚናገረው ግን በ1925 ዓ.ም. የታተመው «አዲስ ዓለም» ነው። ዐወቀ የተባለው ወጣት በአውሮፓ ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። አባቱ ሲሞት እንደ ልማዱ ታላቅ የተዝካር ድግስ እንዲደግስ ዘመድ ሁሉ ይጠብቃል፤ እርሱ ግን እሺ አይልም። አገር ያማዋል፤ አባቱን እንዳዋረደ ይቈጠራል። ሠርግም ሲመጣ ክርክሩ ይቀጥላል። በመጨረሻም ነገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጉባኤ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አስተውሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ጸሐፊው የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸውና ጸሎተ ፍትሐትን ወይም ለሙታን የሚደረገውን መታሰቢያ ለማቃለል አልተነሡም። የነቀፉት የሟችን ቤተሰብ ለዕዳ የሚዳርገውን፣ ምጽዋት ለድኃ መድረሱ ቀርቶ ለስም ሲባል የሚደረገውን ድግስ ነው። የነገሩም መፍትሔ ከጉባኤ እንዲወጣ ማድረጋቸው ሥርዓት ከውስጥ በምክር እንዲታደስ መሻታቸውን ያሳያል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ«ዋዜማ» ያመለከቱትን ታላቁን በዓል ግን አላከበሩም። ከንግሥተ ሳባ እስከ ዓድዋ ድል የሚደርሰው ሰፊው የታሪክ መጽሐፋቸው በ1928 ዓ.ም. በመታተም ላይ ሳለ የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ መጽሐፉም ለሕዝብ ሳይዳረስ ቀረ። እርሳቸውም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጡ። የ1931 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ በባዕድ ምድር ከዋለ ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 9 ቀን፣ ነጻነትን ሳያዩ ዐረፉ። በኋላ ዐፅማቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል።

መጻሕፍቱ ግን ቀርተውልናል። በዐውደ ዓመት ዶሮው በሚወጠወጥበት፣ በጉ በሚታረድበት፣ ጠላው በሚቀዳበት ቤት የዐወቀ ጥያቄ ዛሬም መልስ ይሻል፦ ይህ ማዕድ ለማን ተዘረጋ? ለጎረቤት ዓይን ወይስ ለአምላክ ክብር? አቅምን አውቆ የደገሰ፣ ካለው ከፍሎ በደጅ የቆመውን ነዳይ ያሰበ ቤተሰብ በዓሉን በእውነት አክብሯል። ከማዕዱም በኋላ ልጆችን ሰብስቦ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ማንበብ ለአዲሱ ዘመን ጥሩ ዋዜማ ይሆናል።

መልካም በዓል!